ማስረጃው ከጽሑፉ ውጭ ሲሆን

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 እና በ2019 ከመላው አሜሪካ የተውጣጡ 3,446 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው ፈተኗቸው። ኢንተርኔቱ ክፍት ነበር፤ የፈለጉትን መፈለግ ይችሉ ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ፌስቡክ ላይ የለጠፈው ብዥ ያለ ቪዲዮ ነው። ሰዎች የድምፅ መስጫ ወረቀት በገፍ ወደ ሳጥን ሲከቱ ያሳያል። ከሥሩ የተጻፈው ደግሞ ይህ የሆነው በ2016 የዴሞክራቶች የዕጩ መምረጫ ላይ ነው ይላል። ቪዲዮው ግን የተቀረጸው ሩሲያ ውስጥ ነበር። ከተማሪዎቹ 52 በመቶዎቹ አሜሪካ ውስጥ ምርጫ ለመጭበርበሩ ጠንካራ ማስረጃ ነው ብለው መለሱ። የቪዲዮውን ምንጭ ፈልገው ያገኙት ሦስት ልጆች ብቻ ናቸው።

እንዲህ ያለ ውጤት ስንሰማ «የዘንድሮ ልጆች ማንበብ ትተዋል» ማለት ይቀናናል። እኔ ግን ልጆቹ የተማሩትን ነው የሠሩት ባይ ነኝ። አሜሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ልጅ ከሁሉም በላይ ደጋግሞ የሚሰማው ትእዛዝ «ማስረጃህን ከጽሑፉ አውጣ» የሚል ነው። በ2010 የወጣውና ከ40 በላይ ግዛቶች የተቀበሉት ኮመን ኮር የተባለው የትምህርት መለኪያ ለንባብ ያስቀመጠው የመጀመሪያ መስፈርት ይኸው ነው። ተማሪው መልስ ሲሰጥ መምህሯ «የት ላይ አየኸው? መስመሩን አሳየኝ» ትለዋለች። ለልብ ወለድ፣ ለግጥም፣ ለታሪካዊ ንግግር ይህ የሚያስመሰግን ሥርዓት ነው፤ ልጅ ከራሱ አእምሮ ፈጥሮ እንዳይናገር ይገራዋል። እንዲቀርም አልፈልግም። ነገር ግን ለዓመታት ዓይኑን ከገጹ ላይ እንዳይነቅል የሠለጠነ ልጅ፣ የማያውቀው ሰው የለጠፈው ቪዲዮ ፊት ሲቀመጥም ያንኑ ያደርጋል። አትኩሮ ያያል፣ ዝርዝሩን ይመረምራል፣ ባየው ላይ ተመሥርቶ ይፈርዳል። ኢንተርኔት ላይ እንዲህ ማድረግ ተከሳሹን ብቻ ሰምቶ እንደ መፍረድ ነው።

ችግሩ የዕድሜ ወይም የንባብ ልምድ ማነስ ቢሆን ኖሮ ምሁራን ባልተሸነፉ ነበር። ሳም ዋይንበርግ እና ሳራ ማክግሩ የተባሉ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 10 የታሪክ ምሁራንን፣ 10 በሙያው የተሰማሩ መረጃ አጣሪዎችን እና 25 የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በአንድ ዓይነት ፈተና ላይ አስቀምጠው ነበር። ከቀረቡላቸው ገጾች መካከል በትምህርት ቤት ስለሚደርስ ጉልቤነት የተጻፉ ሁለት ጽሑፎች ነበሩ። አንደኛውን ያወጣው የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ነው፤ በ1930 የተመሠረተና በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሐኪሞችን ያቀፈ ትልቅ የሙያ ማኅበር። የሌላው ባለቤት የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ኮሌጅ ይባላል፤ በ2002 በአቋም ልዩነት የወጡ ሐኪሞች የመሠረቱት አነስተኛ ቡድን ነው። ስማቸው እንደ መንትያ ይመሳሰላል። ተማሪዎቹ በብዛት ይበልጥ ይታመናል ያሉት ሁለተኛውን ነው። ገጹ ንጹሕ ነው፣ የግርጌ ማስታወሻ አለው፣ ማስታወቂያ አይታይበትም። ዕድሜያቸውን በሰነድ ምርመራ የፈጁት የታሪክ ምሁራን እንኳ ከላይ እስከ ታች አንብበው ብዙዎቹ ሲያመነቱ ቀሩ።

መረጃ አጣሪዎቹ ያደረጉት ሌላ ነው። ገጹን ከፍተው ጥቂት ሰከንድ ሳይቆዩ ትተውት ወጡ። አዲስ ታብ ከፈቱ፣ የድርጅቱን ስም ጻፉ፣ ሌሎች ስለ እርሱ ምን እንደሚሉ አዩ። ጽሑፉን ለማንበብ የተመለሱት ማን እንደጻፈው ካወቁ በኋላ ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን ወደ ጎን ማንበብ ይሉታል። ትንሽ ባነበቡበት ቦታ ብዙ አወቁ ማለት ነው፤ ይህ ለእንግሊዝኛ መምህር ለመቀበል የሚከብድ ሐቅ መሆኑ ይገባኛል።

አሁን ብዙ ትምህርት ቤቶች ሚዲያ ሊትሬሲ፣ ማለትም የሚዲያን ይዘት መርምሮ የመረዳት ችሎታ፣ አስተምረናል የሚሉት አንድ ገጽ መጠይቅ በማደል ነው። ቀኑ አለ? የጸሐፊው ስም አለ? አድራሻው በዶት ኦርግ ያልቃል? «ስለ እኛ» የሚል ገጽ አለው? የፊደል ስህተት አለበት? መጠይቁ የመጣው ከቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ነው፤ በዘመኑ ቅን ሥራ ነበር። ዛሬ ግን ጥያቄዎቹን እያንዳንዳቸውን ተመልከቷቸው። ዶት ኦርግን ማንም ከፍሎ መውሰድ ይችላል። «ስለ እኛ» የሚለውን የሚጽፈው የገጹ ባለቤት ነው። ስምና ቀን መጻፍ የሚያስከፍለው ነገር የለም። የፊደልና የሰዋስው ስህተት ደግሞ ቻትጂፒቲ በ2022 መጨረሻ ከወጣ ወዲህ ምልክትነቱ አብቅቷል፤ የትኛውም አጭበርባሪ እንከን የሌለው እንግሊዝኛ በሰከንድ ያስጽፋል። ሁሉም ጥያቄዎች ልጁን እዚያው ገጽ ላይ ነው የሚያቆዩት። እንዲያውም ፈተናውን ያለፈ ሐሰተኛ ገጽ የትምህርት ቤቱን ማኅተም አግኝቶ ይወጣል።

ግዛቶቹ አልተኙም። ኢሊኖይ ከ2022-23 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ ሚዲያ ሊትሬሲ እንዲያስተምሩ በሕግ ደንግጋለች። ኒው ጀርሲ በጃንዋሪ 2023 ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል የሚዘልቅ ሕግ አወጣች። ካሊፎርኒያ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብ፣ በሳይንስና በታሪክ ውስጥ እንዲካተት ወሰነች፤ ሆኖም የሚካተተው የየትምህርቱ ማዕቀፍ በሚቀጥለው ጊዜ ሲከለስ ነው። በአራት ትምህርት ላይ የተበተነ ኃላፊነት ማንም የማይጠየቅበት ኃላፊነት እንዳይሆን እሰጋለሁ። አንድ ባለቤት ያስፈልገዋል፤ ባለቤቱም እንግሊዝኛ መሆን አለበት። በአብዛኛው ግዛት ልጅ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ሳያቋርጥ የሚወስደው ትምህርት እርሱ ነው። ምንጭ ጠቅሶ ድርሰት የሚጽፈውም፣ በጠቀሰው ምንጭ ማርክ የሚያገኘውም እዚያ ነው።

እዚህ ላይ ከመምህራኑ የራሳቸው ማኅበር ጋር አልስማማም። የአሜሪካ ብሔራዊ የእንግሊዝኛ መምህራን ምክር ቤት በኤፕሪል 2022 ባወጣው የአቋም መግለጫ የመጽሐፍ ንባብና ድርሰት የእንግሊዝኛ ትምህርት ቁንጮ ሆነው የቆዩበት ዘመን እንዲያበቃ ጠይቋል። ሚዲያን ወደ ክፍሉ ማስገባታቸው ልክ ነው። መጽሐፍን ዝቅ በማድረግ ቦታ ማስለቀቃቸው ግን ያሳዝነኛል። ረጅም ነገር አንብቦ የማያውቅ ልጅ አዲስ ታብ ከፍቶ ምን ያመዛዝናል? አንድ ወሬ «ይህ እንኳ አይመስልም» ብሎ ልጅን የሚያቆመው ቀድሞ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ያን ዕውቀት የሚያከማቸው ደግሞ በብዛት በማንበብ ነው። መሄድ ያለበት ያ መጠይቅ ነው፤ ልብ ወለዱ ይቆይ።

አሜሪካ ውስጥ ወደሚያድጉት የእኛ ልጆች ልምጣ። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በሚኒያፖሊስ የሚያድገው የአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ልጅ የቤቱ አስተርጓሚ ነው። የሐኪም ቤት ደብዳቤ፣ የኢንሹራንስ ፎርም፣ ከባንክ የመጣ መልእክት ሁሉ በእርሱ እጅ ያልፋል። እናቱ «ይሄ እውነት ነው እንዴ?» ብላ ስልኳን የምትዘረጋው ለእርሱ ነው። የፌስቡክ ባለቤት ከሆነው ከሜታ ኩባንያ ጋር ይሠሩ የነበሩት መረጃ አጣሪዎች በአሜሪካ እንዲቀሩ በጃንዋሪ 2025 ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ፌስቡክ ላይ ያለው የማጣራት ሸክም ይበልጡን በአንባቢው ላይ ወድቋል።

ስለዚህ የትምህርቱ ናሙና ከዚህ ሕይወት ይወሰድ። ዲቪን እንውሰድ። ዲቪ በተከፈተባቸው ዓመታት ሁሉ ንስርና ባንዲራ የተለጠፈባቸው፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚመስሉ የግል ድረ ገጾች አብረው ይከፈታሉ። መምህሯ የአንዱን ገጽ ቅጂ ቦርዱ ላይ ታሳይ። ከላይ የኋይት ሐውስ ፎቶ፣ በመሐል «ብቁ መሆንዎን አሁኑኑ ያረጋግጡ» የሚል ቁልፍ፣ ከሥሩ በጥቃቅን ፊደል ድርጅቱ ከመንግሥት ጋር ግንኙነት እንደሌለው የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር። አትኩሮ የሚያነብ ልጅ ያችን ዓረፍተ ነገር ሊያገኛት ይችላል፤ ያ ጥሩ ንባብ ነው። ቀጣዩ ገጽ ላይ ግን እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ላይኖር ይችላል። ከገጹ ወጥቶ የፈለገ ልጅ ግን ሁሌም አንድ ቦታ ይደርሳል፦ ምዝገባው የሚካሄደው በዶት ጎቭ በሚያልቀው የስቴት ዲፓርትመንት ድረ ገጽ ላይ ብቻ ነው። ዕጣ የደረሰው ሰውም ውጤቱን እዚያው ገብቶ ያያል እንጂ «እንኳን ደስ አለዎት» የሚል ኢሜይል አይላክለትም። ልጁ ይህን በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ይጽፈዋል፤ ምን እንደፈለገ፣ የት እንዳገኘው፣ ለምን ያንን ምንጭ እንዳመነ። ማታ ደግሞ ለአክስቱ በአማርኛ ያስረዳል። አክስቱም ገንዘቧን ይዛ ትቀራለች።

የአማርኛ ይዘትም ቢሆን በዚህ ክፍል ይፈቀድለት። በቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ የመጣ «ዛሬ ጠዋት የተነሣ» የተባለ የጦርነት ፎቶ ጎግል ላይ ተመልሶ ሲፈለግ ከዓመታት በፊት በሌላ አገር የተነሣ ሆኖ ይገኛል። ኢትዮጵያ ቼክና ሀቅ ቼክ በአማርኛ የሚያጣሩትን ልጁ አንብቦ በእንግሊዝኛ ድርሰቱ ቢጠቅስ መምህሯ የምታጣው ነገር የለም። የማጣራት ልማድ ለእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ ልጁ ትምህርት ቤት ውስጥ ጠርጣሪ፣ ቤቱ ሲገባ ግን የመጣውን ሁሉ ተቀባይ ይሆናል።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። እኛ መጠርጠር የሚያስተምረን አላጣንም። የቡና ወሬያችን ሁሉ «ከጀርባው ማን አለ?» ነው። ሁለተኛ ትርጉም መፈለግ፣ የተነገረውን ትቶ ያልተነገረውን ማዳመጥ ያደግንበት ችሎታ ነው፤ በብዙ መንግሥታት ሥር ለመኖርም ረድቶናል። ግን ይህ ችሎታ ብቻውን ሲቀር አደገኛ ነው። ሁሉም ዜና ውሸት፣ ሁሉም ጋዜጠኛ የተገዛ ከሆነ የቀረን የምንወደውን ሰው ማመን ነው፤ ያ ሰው ብዙ ጊዜ ዩቲዩብ ላይ ጮክ ብሎ የሚናገር ነው። ስለዚህ ትምህርቱ «አትመኑ» በማለት ካቆመ ለልጆቻችን ጉዳቱ ይብሳል። ልጁ መማር ያለበት ማመን የሚገባውን ፈልጎ ማግኘትን ነው፤ ስህተቱን በይፋ የሚያርም ጋዜጣን ከማያርም ገጽ መለየት፣ ስሙን አስይዞ የሚናገር ሐኪምን ስም ከሌለው ድምፅ መለየት። በማርክ መስጫው ላይ ውሸትን ላጋለጠ ልጅ ብቻ ነጥብ ካለ ትምህርቱ ጎድሏል። እውነተኛውን ነገር እውነት ነው ብሎ በምክንያት ለቆመለት ልጅም እኩል ነጥብ ይሰጠው።

መምህራን ጊዜ የለንም ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። በኔብራስካ ግዛት በሊንከን ከተማ በ12ኛ ክፍል የሥነ ዜጋ ክፍሎች በተካሄደ ጥናት ግን እያንዳንዳቸው 50 ደቂቃ የሚፈጁ ስድስት ክፍለ ጊዜያት ብቻ ተሰጥተው፣ የተማሩት ካልተማሩት ጋር ሲነጻጸሩ በግልጽ ተሻሽለው ተገኝተዋል። ስድስት ክፍለ ጊዜ አንድ ልብ ወለድ ከሚወስደው ያንሳል። ሌላው ተቃውሞ ፖለቲካ ነው፤ መምህሯ የራሷን አቋም ልትጭን ትችላለች የሚል። ይህን ፍርሃት ከብዙ ወላጆች ሰምቼዋለሁ፤ አላጣጥለውም። መልሱ ናሙናው ላይ ነው፦ የዲቪ ገጽ፣ የክብደት መቀነሻ ክኒን ማስታወቂያ፣ «ነፃ ስኮላርሺፕ» የሚል መልእክት። ዘዴውን በእነዚህ የለመደ ልጅ ለምርጫ ዜና ራሱ ያውለዋል።

ወላጆች በዚህ ላይ ድምፅ አለን። ሞንትጎመሪ ካውንቲን የመሳሰሉ የትምህርት አስተዳደሮች ለወላጅ በአማርኛ ይጽፋሉ፤ ለወላጅና መምህር ስብሰባም አስተርጓሚ ይጠየቃል። እዚያ ስንቀመጥ ማርኩን ብቻ ጠይቀን አንነሣ። ልጄ ለድርሰቱ ድረ ገጽ ሲጠቅስ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ከሌላ ቦታ አጣርቶ እንዲጽፍ ትጠይቁታላችሁ ወይ? ለዚያስ ማርክ ትሰጡታላችሁ ወይ? የአማርኛ ምንጭ ቢያመጣ ትቀበሉታላችሁ ወይ? መምህሯ ለመጀመሪያው ጥያቄ መጠይቁን አውጥታ ካሳየችን፣ አመስግነን በሚቀጥለው ሴሚስተር አንዱን ድርሰት በዚህ መንገድ እንድታሠራቸው እንጠይቃት።