የእሁድ ቁሌት

ደብረ ብርሃን፣ ጎረቤት ቡና ላይ የተነሳ ክርክር ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነው ጎረቤታችን ጀመረው። «ዘንድሮ ቤቱ ራት የሚበላ ሰው ጠፋ» አለ። «ልጅ ዳቦ በሻይ ብሎ ይተኛል። አባት ውጭ ቀማምሶ ይመጣል። ድሮ እኮ መሶብ ከበን ነበር የምንበላው።»

«ድሮ እናትህ ቤት ይውሉ ነበራ!» አለችው ፋብሪካ የምትሠራዋ። «እኔ ቤት ስደርስ 12 ሰዓት አልፏል። በዚህ ብርድ ሽንኩርት ልጬ፣ ከትፌ፣ አቁላልቼ ወጥ እስካደርስ ልጆቹን እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።»

«ወጡንም ገዝተሽ ግቢያ» አለ አንድ ወጣት። «እንጀራውን እየገዛን አይደል?»

«በየቀኑ? በምን ብር?»

ይሄኔ ቡናውን የሚያፈሉት እትዬ ጣልቃ ገቡ። «ጊዜ የሚበላው ወጡ አይደለም፣ ቁሌቱ ነው። እሁድ አንዴ አቁላልተሽ ለሳምንቱ አስቀምጪው» አሉ።

አሠራሩንም አንድ በአንድ ነገሩን። አንድ ኪሎ ተኩል ቀይ ሽንኩርት ደቆ ይከተፋል። መጀመሪያ ያለ ዘይት ውሃው እስኪመጥ ይማሰላል። ከዚያ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ አራት ማንኪያ በርበሬ። በርበሬው እንዳያር ጠብ ጠብ እያሉ ውሃ ማድረግ ነው። ዘይቱ ወደ ላይ ወጥቶ የበርበሬው ጥሬ ሽታ ሲጠፋ ደርሷል። ሁሉም ተደማምሮ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሲቀዘቅዝ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ይገባል፤ እስከ አርብ ይቆያል። ቅቤ የለበትምና ለረቡዕም ለአርብም ይሆናል።

ሰኞ ማታ ከቁሌቱ ሦስት ማንኪያ ድስት ውስጥ ይጣላል፤ አራት ኩባያ ውሃ ይጨመርበታል። ሲፈላ አንድ ኩባያ ሽሮ እንዳይጓጉል እየነሰነሱ ማማሰል። ሩብ ሰዓት ተንተክትኮ ጨውና መከለሻ ነካ ሲደረግ ለአራት ሰው ራት ሆነ። ማክሰኞ በዚያው ቁሌት ድንች ይሠራል። ረቡዕ ምስር ክክ ካማራችሁ ጠዋት ዘፍዝፋችሁ ውጡ። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ጥራጥሬ እዚህ ቶሎ አይበስልም። ሽሮ ግን እህሉ ተቆልቶ የተፈጨ ነውና ብዙ አያስቸግርም። ለሥራ ቀን ከሱ የሚሻል አላውቅም።

የመንግሥት ሠራተኛው አልተዋጠለትም። «ያደረ ቁሌት ምን ጣዕም አለው?»

«የዶሮውን ቁሌት ዋዜማውን አይደል እንዴ የምንሠራው?» አሉት እትዬ። «ያኔ ሲጣፍጥህ ዝም ትላለህ።»

ተሳቀ። ፋብሪካ የምትሠራዋ ግን አልሳቀችም። «እትዬ፣ እሁድ እኮ ልብስ የማጥብበት ቀን ነው። ያን ሁሉ ሽንኩርት ማን ይከትፈው?»

መልስ የሰጣት የለም። ወሬው ሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ስንት ገባ ወደሚል ዞረ።

እኔ ግን የክርክሩ ፍሬ ያቺ ጥያቄ ናት እላለሁ። ራት አብሮ መብላት ትልቅ ነገር ነው። ልጅ ትምህርት ቤት የገጠመውን የሚያወራው እንጀራው ቀርቦ ሁሉም ሲቀመጥ ነው፤ ይህን ቤቴ አይቼዋለሁ። ሰውዬው መናፈቁ ትክክል ነው። የሚናፍቀውን ግን ከሌላ ሰው ድካም ላይ ነው የጠበቀው። መሥሪያ ቤቱ ከቤቱ የእግር መንገድ ነው፤ ከሚስቱ ቀድሞ ይገባል። ቁሌቱ ካለ ሽሮ ማማሰል አያቅተውም። ትልቋ ልጁም እንጀራ ማቅረብ ትችላለች። የእሁዱን ሽንኩርት ደግሞ ሁለት ሆነው ቢከትፉት ቡና እስኪፈላ ያልቃል። ይህን ለራሱም ነግሬዋለሁ፤ «አስብበታለሁ» ብሎኛል።