ካልኩሌተሩ ይናገር

ሆንግ ኮንግ፣ ካውሉን ውስጥ፣ ያው ማ ቴይ በሚባለው ሰፈር ያለው የማታ ገበያ፣ ቴምፕል ስትሪት (የቤተ መቅደስ ጎዳና)፣ ስሙን ያገኘው ከባሕር እመቤቷ ከቲን ሃው ቤተ መቅደስ ነው። ድሮ ውኃው ቅርብ ሳለ ዓሣ አጥማጆች ደጇን ይሳለሙ ነበር። በኋላ ባሕሩ በአፈር ተደለደለና ሕንፃ በቀለበት፤ እመቤቲቱም ከውኃው ርቃ የቲሸርትና የስልክ ሽፋን ነጋዴዎችን ስትጠብቅ ታመሻለች።

ቀን የሄደ ሰው ባዶ አስፋልት ተሳልሞ ይመለሳል። አመሻሽ ላይ ነው ድንኳኑ የሚተከለው፣ አምፖሉ የሚበራው፣ ክርክሩም የሚጀመረው። መሣሪያው አንድ ካልኩሌተር ነው። ሻጯ 280 ትጽፋለች፤ ያየችው ዕቃውን ሳይሆን ያንተን ጫማ ነው። አንተ 100 ትጽፋለህ። ፊቷን ለቅሶ እንደተረዳች ታጠቁረውና 220 ትላለች። አበሻ የሚበላው እዚህ ጋ ነው፦ ወደ ጓደኛው ዞሮ በአማርኛ «ኧረ ርካሽ ነው!» ይላል። አማርኛ አትችልም፤ ፊት ግን ታነባለች። ደግሞም የሆንግ ኮንግ ዶላር ነው፤ ለአንድ የአሜሪካ ዶላር 7.8 ገደማ ሒሳብ እንጂ አንድ ለአንድ አይደለም።

መፍትሔው መሄድ ነው፤ ግን ቀስ ብሎ። ከጠራችህ ዋጋው ወርዷል። ካልጠራችህ የምሯን ነበር፤ ተመልሰህ ብትመጣ ካልኩሌተሩ ላይ 280 ይጠብቅሃል። አንዴ የጻፍከውን ከተቀበለችህ ግን ግዛ፤ ያን ጊዜ «ልየው ብዬ ነው» ማለት ነውር ነው። ከገዛህ በኋላ ደግሞ የሚቀጥለውን ድንኳን ዋጋ አትጠይቅ፤ እንቅልፍ ያስፈልግሃል።

መዳፍና ፊት አንባቢዎቹም እዚያው ናቸው። አንዳንዱ ወፍ አለው፤ ከጎጆው ወጥቶ ከተደረደሩት የዕድል ካርዶች አንዱን በመንቁሩ ይመዝና ጥሬውን ለቅሞ ይገባል። ገበያው ውስጥ ሳይከራከር የሚከፈለው እሱ ብቻ ነው። ከመቀመጥህ በፊት ሒሳቡ በጥያቄ ይሁን በጠቅላላ አጣራ።

ሲርብህ የሸክላ ድስት ሩዝ እዘዝ። ቋሊማው የአሳማ ስለሆነ ዶሮና እንጉዳይ ያለውን በል። ሩዙ ከጥሬው እዚያው ድስቱ ውስጥ ስለሚበስል ሩብ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ትጠብቃለህ። ሲመጣ ክዳኑን አንሥተህ ጣፋጩን አኩሪ አተር ስጎ ዙሪያውን አንጠብጥብና መልሰህ ክደነው፤ ጥቂት ቆይተህ ከሥር ገልብጠህ አማስል። ስጎውን እንደ ወጥ ያፈሰሰ ሰው ከሥር የተጠበሰውን፣ ኩርሽም የሚለውን ሩዝ አበስብሶ ገንፎ ይበላል። ጣዕሙ ያለው እሱ ላይ ነበር።

ጎን ያለው ሻንግሃይ ስትሪት የማድ ቤት ዕቃ ሰፈር ነው፦ ከግንድ የተቆረጠ ክብ መክተፊያ፣ የቀርከሃ እንፋሎት መቀቀያ፣ እንደ መጥረቢያ የሰፋ ቢላ። ቢላውን በጋዜጣ ጠቅልለው ይሰጡሃል። የምትጭነው ሻንጣ ውስጥ ክተተው፤ በእጅ ከያዝከው ኤርፖርት ላይ ፈታሹ ይወስደዋል፣ እሱ ዘንድ ደግሞ ካልኩሌተር የለም።