ግሩፑ ደግሞ ሊዛወር ነው

ደግሞ መጣ። ትናንት ማታ የፕሮግራመሮች የቴሌግራም ግሩፓችን አድሚን ፒን አደረገ፦ «ውድ አባላት፣ ከሰኞ ጀምሮ ይህ ግሩፕ ይዘጋል። ውይይታችን ወደ ዲስኮርድ ይዛወራል። ሊንኩን ተጭናችሁ ጆይን በሉ።» (ዲስኮርድ ሌላ የመወያያ መተግበሪያ ነው።) ከሥሩ የእሳት ኢሞጂ፣ የጭብጨባ ኢሞጂ፣ «አሪፍ ነው»፣ «ዘግይቷል እንጂ» የሚል መዓት ወረደ። «እዚህ ያለው ነገርስ ምን ይሆናል?» ያለ አንድ ሰው የለም። እኔ ጠየቅኩ። አውራ ጣት ተላከልኝ። አውራ ጣት ምን ማለት ነው? ይቀራል ነው? ይጠፋል ነው?

እዚህ ግሩፕ ውስጥ የሌለ ዓይነት ሰው የለም። ፖሊ የሚባለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ ተማሪ አለ። ከፖሊ ተመርቆ ቢሮ ውስጥ ሲስተም የሚጠብቅ አለ። ቀን ቀን ስልክና ላፕቶፕ እየጠገነ ማታ ፒኤችፒ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚማር አለ። ቤቱ ቁጭ ብሎ ለውጭ ድርጅት የሚሠራም አለ፤ እሱ ብዙ አያወራም፣ ሲያወራ ግን አንጀት ያርሳል። ጥሩ ግሩፕ ነው። የሚያናድደኝም ጥሩ በመሆኑ ነው። መጥፎ ቢሆንማ ዝም ብዬ እወጣ ነበር።

ፌስቡክ ላይ ጀመርን። ወደ ቴሌግራም ገባን። ከዚያ «ትልልቅ ድርጅቶች የሚጠቀሙት እሱን ነው» ተብሎ ስላክ ወደሚባል የመልእክት መተግበሪያ ተነዳን። ስላክ ደግሞ ከሴፕቴምበር 2022 ወዲህ በነፃ ለሚጠቀም ሰው የመጨረሻውን 90 ቀን መልእክት ብቻ ነው የሚያሳየው። ይህ የተደበቀ ነገር አይደለም፤ በግልጽ ተጽፏል። የወሰዱን ሰዎች ግን አላነበቡትም። ጥቅምት ላይ የተመለሰው ጥያቄ የካቲት ላይ የውሃ ሽታ ሆነ። ተመልሰን ቴሌግራም።

የጠፋው ምን እንደሆነ አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። አማርኛ ጽፈህ ዳታቤዝ (መረጃ ማከማቻ) ውስጥ ታስገባለህ፣ «????» ሆኖ ይወጣል። እዚህ አገር ኮድ የጻፈ ሁሉ ያውቃታል። ያ ለውጭ ድርጅት የሚሠራው ልጅ አንድ ማታ ቁጭ ብሎ ከሥሩ አስረዳን። ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ ከ8.0 እትሙ በፊት፣ አንተ ካልነገርከው በቀር፣ ላቲን1 በሚባለው የፊደል ስብስብ ነው የሚያስቀምጠው። እዚያ ውስጥ ደግሞ ግዕዝ የለም። ሠንጠረዡን ግዕዝን ወደሚይዘው ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ፕሮግራሙ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኝበትም መስመር በዚያው መሆን አለበት። ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚችኛዋ ላይ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ፣ አንዴ ጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠ ፊደል አይመለስም። የገባው ስም ሁሉ እንደገና ነው የሚጻፈው። ይህን ሁሉ ከነኮዱ፣ ከነምክንያቱ ጻፈልን።

ያ መልስ ዛሬ የት ነው? ስላክ ላይ ቀረ። ጥያቄው ግን አልቀረም። በየሳምንቱ ይመጣል። ሰኔ ላይ የፋይናል ፕሮጀክት ዲፌንስ ሲደርስማ በየቀኑ ነው። ልጁ መጀመሪያ ሰሞን እንደገና ጻፈው። ኋላ አሳጠረው። አሁን ዝም ብሏል። አልፈርድበትም።

የአጠያየቁ ነገርስ! «ሰላም ናችሁ፣ ፕሊስ አስቸኳይ ነው» ይላል። ቀጥሎ ፎቶ። ስክሪንሾት እንዳይመስላችሁ፤ ላፕቶፑን በስልክ ያነሳው ፎቶ ነው። ስክሪኑ መስመር መስመር ሠርቷል። ግማሹን ኤረር የመስኮቱ ነጸብራቅ በልቶታል። በስተቀኝ በኩል ማኪያቶ አለ። እሱ ጥርት ብሎ ይታያል፣ አረፋው ሳይቀር። የሚያስፈልገን የኤረሩ የመጨረሻ መስመር ነበር፤ እሱ ከፎቶው ውጭ ነው። ሰዎች «ሙሉውን ላክ» ይሉታል። ይጠፋል። ማታ ይመለስና «ፈታሁት፣ ተባረኩ» ይላል። እንዴት ፈታኸው ወንድሜ? ጆሮ ዳባ ልበስ። ሌላው ደግሞ «ኢንቦክስ ግባ» የሚለው ነው። መልሱ ኢንቦክስ ከገባ ነገ ተመሳሳይ ነገር የሚገጥማት ልጅ ምን ታድርግ?

«ፈልገህ አግኝ» እንዳትሉኝ ደግሞ። ፈልጌያለሁ። አንዱ «ዳታቤዝ» ይጽፋል፣ አንዱ «ዳታ ቤዝ»፣ አንዱ «ዲቢ»፣ አንዱ በፈረንጅ ፊደል። «ስህተት» የሚልም «ስሕተት» የሚልም አለ፤ ለእኛ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሀ እና ሐ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ፎቶ ውስጥ ያለውንማ ማን ፈልጎ ያገኘዋል? እንደኛ ባለ ዝግ ግሩፕ ውስጥ የተጻፈውን ጉግል አያገኘውም። ዲስኮርድ ውስጥ የተጻፈውንም እንደዚያው። ታዲያ ምኑ ተሻለ?

አድሚኑ ምክንያት የለውም አልልም። «በቀን ይህን ያህል ብር ይሥሩ» የሚለው ማስታወቂያ ሰልችቶታል። ሲሰርዝ ነው የሚውለው፣ በነፃ። ዲስኮርድ ላይ ርዕስ በርዕስ ክፍል መክፈት እንደሚቻልም ነግሮናል። እውነት ነው። ግን እሱ ቴሌግራምም ላይ ከ2022 ጀምሮ አለ፤ ያበራው ሰው የለም። ማስታወቂያ ለጣፊውም ቢሆን እግር አለው፣ ተከትሎን ይመጣል። በዚያ ላይ ግማሹ ተማሪ ስልኩ ሞልቶበት «ቦታ የለም» እያለው ሌላ መተግበሪያ ጫን ይባላል።

አንጀቴን ያሳረረው ግን በእኛ አቆጣጠር የ2015ቱ ነው። ያን ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሆነውን የባሕር ዳር ሰው አይረሳውም። ለወራት ነው። ላፕቶፕ ታቅፎ ዋይፋይ ያለው ሆቴል መዞር፣ አንድ ሻይ አዝዞ ግማሽ ቀን መቀመጥ፣ የአስተናጋጁን ፊት ላለማየት አንገት መድፋት። በዚያው መሃል አዲስ አበባ ያሉት አድሚኖች ግሩፑን ቀየሩት! እኛን ማን ይጠይቀናል? ዳታ ሲመለስልን የጠበቀን «ይህ ግሩፕ ተዘግቷል» የሚል ጽሑፍ ነው። የአዲሱ ሊንክ ጊዜው አልፎበታል። እርስ በርስ እየተደዋወልን ነው የገባነው። ስልክ ቁጥር የሚያውቀው ሰው የሌለው እዚያው ቀረ።

በዚያ ሰሞን የረዳን ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አንድ የፖሊ ልጅ ስታክ ኦቨርፍሎው የሚባለውን የፕሮግራመሮች ድረ ገጽ ጥያቄና መልስ፣ ያለ ኢንተርኔት ለሚያስነብበው ኪዊክስ ለሚባል መተግበሪያ በተዘጋጀው ፋይል ቀደም ብሎ አውርዶ በሃርድ ዲስክ ይዞት ነበር። ሃርድ ዲስኩ ከፖሊ ፔዳ ወደሚባለው ሌላው ግቢ፣ ከፔዳ አባይ ማዶ ሰፈር ዞረ። ያለ ኢንተርኔት ይፈለጋል፣ ይነበባል። በፈረንጆቹ ከ2008 ጀምሮ እዚያ የተጻፈው ጥያቄ ከነመልሱ አንድ ላይ ነው የሚቀመጠው። ፈቃዱም ቅዱት ነው የሚለው። ስለዚህ በኪስ ይያዛል። የእኛን ግሩፕ በሃርድ ዲስክ የሚይዝ ቢኖርስ ምኑን ይይዛል? ማኪያቶውን?

መዛወር ነውር አይደለም። ሌላውም ይዛወራል። ስዊፍት የሚባለው የአፕል የፕሮግራም ቋንቋ ሰዎች በፈረንጆቹ 2018 መጀመሪያ ከኢሜይል ወደ ድረ ገጽ ሲዛወሩ የድሮውን ውይይት ጭነው ነው የሄዱት። የፓይተን ቋንቋ አበልጻጊዎችም በፈረንጆቹ 2022 ዋናውን ውይይታቸውን ከኢሜይል አወጡት። የድሮው መዝገብ ግን ዛሬም ክፍት ነው፤ በፈረንጆቹ 1999 ማን ምን ብሎ እንደተከራከረ ገብታችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። እኛ ግን ቤት ስንለቅ ምጣዱንም ጀበናውንም ጥለን ቁልፉን ብቻ ይዘን ነው የምንወጣው። አዲሱ ቤት ስንገባ ደግሞ ቡና የለም ብለን እናማርራለን።

አያናድድም? እኛ እኮ ፕሮግራመሮች ነን የምንባለው። ለሰው ሱቅ የዕቃ መመዝገቢያ እንሠራለን። ለክሊኒክ የካርድ ሲስተም እንሠራለን። የቢሮ ሰው ወረቀት ላይ ሲጽፍ ስናይ ከንፈር እንመጣለን። የራሳችንን ጨዋታ ማስቀመጥ ግን አቃተን። ቴሌግራም ዴስክቶፕ ላይ ግሩፑን ከፍታችሁ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ስትጫኑ «ኤክስፖርት ቻት ሂስትሪ» የሚል አለ። በኤችቲኤምኤል (በብሮውዘር በሚነበበው) ነው በጄሰን (ለፕሮግራም በሚመቸው) ብሎ ይጠይቃችኋል። በቃ። ጄሰኑ ውስጥ የትኛው መልእክት ለየትኛው እንደተመለሰ ሳይቀር ተጽፏል። ጥያቄና መልሱን ማጣመር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ አሳይመንት ነው።

እና አድሚን፣ ይህን እንደምታነብ አውቃለሁ። ሰኞ ዝጋው፣ ግድ የለኝም። ዲስኮርድም እገባለሁ። ግን እንዳትሰርዘው። አሮጌው ግሩፕ ላይ መጻፍ ብቻ ይከልከል፣ ማንበቡ እንዳለ ይቆይ። የአዲሱን ሊንክ ጊዜው የማያልፍበት አድርገህ እዚያው ፒን አድርግልን። ጄሰኑን ደግሞ እስከ እሁድ ላክልኝ፤ ፎቶዎቹን ተወው፣ ጽሑፉ ይበቃል። በቀጣዩ ቅዳሜ ከሰዓት ጊዜ ያለው ሰው ሐይቁ ዳር ካሉት ካፌዎች አንዱ ጋ ይምጣና አብረን እንለየው። መብራት አይታመንም፣ ላፕቶፓችሁን ሞልታችሁ ኑ። ማኪያቶ በእኔ ነው።