ተግሳጽ ለጠሪዎች

የባሕር ዳርና የጣና ዳር ወገኖቼ ሆይ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም.፣ በኮሮና ወረርሽኝ መካከል የምናገረው ይህ ቃል ለተጠሪው ሳይሆን ሰውን ወደ ድግስ፣ ወደ ለቅሶና ወደ ስብሰባ ለሚጠራው ለጠሪው ነው። ካለፈው መጋቢት ጀምሮ በሬድዮ፣ በድምፅ ማጉያና በየቀበሌው የሚነገረን ምክር ሁሉ የሚያተኩረው በሚሄደው ሰው ላይ ነው፤ አትጨባበጥ፣ ተራራቅ፣ አፍና አፍንጫህን ሸፍን ይባላል። ምክሩ እውነት ነው። ነገር ግን የእኛ ሰው ድንኳን የሚገባው አስቦና መርጦ ሳይሆን ስለ ተጠራ ነው፤ የተጠራ ሰው ደግሞ ለመቅረት አንደበት የለውም። ጎረቤት ልጁን ሲድር፣ የእድርተኛ እናት ስታርፍ፣ የማኅበር ጽዋ ተራ ሲደርስ «በሽታውን ፈርቼ ነው የቀረሁት» ለማለት የሚደፍር በየሰፈራችን ስንት ይገኛል? የደፈረውስ ቢሆን በሚቀጥለው ለቅሶ በጎሪጥ አልታየምን? ስለዚህ ይሉኝታ በያዘው ሰው ላይ ጣት ከመቀሰር ይልቅ፣ «ግድ የለም፣ ቅር» ብሎ ሊያሰናብተው ሥልጣን ያለውን ጠሪ መገሠጽ ተገቢ ነው።

በሽታው በአገራችን መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲገኝ የነበረንን ፍርሃት እናስታውስ። በዚያው ወር መጨረሻ ከተማችን ከአዴት፣ ከእንጅባራና ከቲሊሊ ጋር ለ14 ቀን እንቅስቃሴዋ ሲገታ፣ በክልሉ ታመመ የተባለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ እኛ ግን በር ዘግተን ተቀመጥን። ዛሬ ጥቅምት 2013 ላይ ሆነን ስንቆጥር በአገሪቱ በበሽታው የተያዙት ከ80,000፣ የሞቱትም ከ1,200 በልጠዋል፤ እኛ ግን ተጨባብጠን፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመን፣ ማስኩን አገጫችን ላይ አንጠልጥለን እንውላለን። ለ5 ወር ታውጆ የነበረው፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን የከለከለው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አዲሱ ዓመት ከመግባቱ በፊት አበቃ፤ ብዙዎቻችንም የአዋጁን ማብቃት የበሽታው ማብቃት አድርገን ወሰድነው። አዋጅ በተቆረጠለት ቀን ያልቃል፤ በሽታ ግን ቀን አልተቆረጠለትም።

በመጀመሪያ ሠርግ ደጋሾችን እናገራለሁ። በሚያዝያና በግንቦት ሳይሆን የቀረው ሠርግ ዝናቡ ሲያባራ፣ ጾመ ነቢያት ሳይገባ ለመድረስ ተጣድፎ መጥቷል። ልጅን መዳር ደስታ ነው፣ ማንም አይከለክላችሁ። ነገር ግን የጥቅምት ማታ ይበርዳል ተብሎ የድንኳኑ ግራና ቀኝ መጋረጃ ይወርዳል፤ የሙዚቃው ድምፅ ከፍ ሲል ሰው ለመሰማማት በጆሮ ተጠጋግቶ ይጮኻል፤ ጭፈራው ሲደራ ሁሉም አፉን ከፍቶ ያዜማል። ይህ በሽታ የሚተላለፈው በዋናነት በትንፋሽ ነው። ስንናገር፣ ስንዘፍንና ስንስል ከአፋችን የሚወጣው ጠብታ በቅርብ ያለውን ሰው ይደርሰዋል፤ ከጠብታው የደቀቀውም አየር በማይንሸራሸርበት ቦታ ሲንሳፈፍ ይቆያል። ተሕዋሲው ያለበት ሰው ምልክት ሳይታይበት ለሌላ ሊያስተላልፍ ስለሚችል «የታመመ ሰው አልጠራሁም» የሚለው የደጋሹ መከላከያ አያዋጣም። በር ላይ አንድ ልጅ ሳኒታይዘር አስይዞ በእያንዳንዱ እጅ ላይ ጠብ ማስደረግ፣ ከዚያም ሦስት መቶ ሰው መጋረጃው በወረደ ድንኳን ውስጥ አጨናንቆ ማስቀመጥ፣ ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ የሚሉት ዓይነት ዝግጅት ነው።

ምን እናድርግ ትሉ ይሆናል። መጋረጃውን አንሡት፤ እንግዳውን በሰዓት ከፍላችሁ ጥሩ፤ መልሱንና ቅልቅሉን ለቅርብ ቤተሰብ ብቻ አድርጉት፤ ለሽማግሌዎችና ለሕመምተኞች ምግቡን በቤታቸው ላኩላቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ በመጥሪያው ወረቀት ላይ «ባትመጡ አንቀየምም፣ ምርቃታችሁ በስልክ ይድረሰን» የሚል አንድ መስመር ጻፉ። ይህች መስመር ምንም ገንዘብ አታስወጣም፤ የስኳር ሕመም ያለባትን አክስታችሁን ግን ከጭንቅ ታወጣታለች። እሷ እኮ የምትመጣው ድግሱ ናፍቋት ሳይሆን «ንቃን ቀረች» እንዳትባል ነው።

ወደ እድሮቻችን ልመለስ፤ የነገሩ እምብርት እዚህ ነው። በብዙ እድሮች መተዳደሪያ ደንብ መሠረት ቀብር ላይ ያልተገኘ አባል ይቀጣል። ይህ ደንብ በጤናው ዘመን መልካም ሥራ ሠርቷል፤ ድኻውም ሀብታሙም እኩል ሰው አጅቦት እንዲቀበር አድርጓል፤ አባቶቻችን ያወጡትም በዚሁ ምክንያት ነው። ዘንድሮ ግን ይኸው ደንብ የሚያስለውን፣ ትኩሳት የያዘውን፣ ከበሽተኛ ጋር አንድ ቤት የሚያድረውን ሰው ቅጣት ፈርቶ ከአልጋው እንዲነሣና ከለቀስተኛ መካከል እንዲቀመጥ ያስገድደዋል። የእድር ሰብሳቢዎች ሆይ፣ ጠቅላላ ጉባኤ መጥራት ባትችሉ እንኳ የሥራ አመራር ኮሚቴያችሁ ተነጋግሮ ይህን ቅጣት በሽታው እስኪያልፍ ማንሣት ያቅተዋልን? «ከዛሬ ጀምሮ በሕመም ምክንያት የቀረ አይቀጣም፤ የቀብሩን ሥራ የሚሠሩት ተረኞች ብቻ ይመጣሉ፤ ሌላው በየቤቱ ያጽናና» ብሎ መወሰን አንድ ምሽት አይፈጅም። ጡሩምባ ነፊው ሰፈሩን ሲዞር የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ብቻ ሳይሆን ይህንም ቃል ይጨምርበት። ወንበሩን በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ከመደርደር በግቢው ዛፍ ሥር፣ እየራራቁ መዘርጋት ይቻላል፤ ሦስቱንም ቀን ሙሉ መቀመጥ ቀርቶ ገብቶ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ መውጣት ይበቃል። የእድሩም ሣጥን ከድንኳንና ከብረት ድስት ያለፈ ሥራ አለው፤ ቱሪስት ቀርቶበት ጀልባው ወደብ ላይ የታሰረበትን፣ ሆቴሉ ተዘግቶባት ከሥራ የወጣችውን አባል ዘንድሮ ማን ያስባቸዋል?

በለቅሶው ላይ ሌላም ነገር ተጨምሯል፤ ይኸውም በስልክ የሚተላለፈው ቀብር ነው። አሜሪካና ዐረብ አገር ያሉ ልጆች አውሮፕላን ቀርቶባቸው አባታቸውን በቪዲዮ መሸኘታቸው የሚያሳዝን ቢሆንም ደግ ነገር ነው፤ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ዕድል አልነበረም። ነገር ግን ስልኩ ሲቀርጽ ሕዝቡ በዝቶ እንዲታይ መፈለግ መጥቷል። ቀራጩ ተጋፍቶ ይገባል፣ «ጠጋ በሉ» ይላል፣ ቪዲዮው ፌስቡክ ላይ ሲወጣ «ባሕር ዳር እንዲህ አድርጋ ቀበረችው» እንዲባል ነው። ሰው እንዳይሰበሰብ ይረዳ የነበረው መሣሪያ ሰው ለመሰብሰቢያ ምክንያት ሆነ። ውጭ አገር ያላችሁ ልጆችም ብትሆኑ ለወንድማችሁ «ሰው አሳየን» ከማለት «ሰው አታብዛ» ብትሉት፣ ከምትልኩት ገንዘብ ይልቅ ያ ቃል ይጠቅመዋል።

በቢሮዎቻችን ያለው ደግሞ ከዚህ ይለያል። በዙም የሚካሄድ ስብሰባ ተብሎ ከየወረዳው ባለሙያ ይጠራል፤ ተሰብሳቢው ግን በየቢሮው ሆኖ በየራሱ ስክሪን እንደ መከታተል ወደ አንድ የሆቴል አዳራሽ ይገባና ግድግዳ ላይ በተተኮሰው ትልቅ ምስል ተናጋሪውን ያያል። መስኮቱ ይዘጋል፤ ፀሐይ ስክሪኑን ያደበዝዛልና። አበሉ ይፈረማል፤ ሻዩ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይጠጣል። እኔ ራሴ በእንዲህ ያለ አዳራሽ ተቀምጬ ስለ ኮሮና መከላከል ገለጻ ሰምቻለሁ። አበል ያለ አዳራሽ የማይከፈል ከሆነ ችግሩ ያለው በአበሉ ሥርዓት እንጂ በኔትወርኩ አይደለም፤ የስብሰባ ጠሪዎችም ይህን በሚገባ ታውቃላችሁ።

ኔትወርኩ እንከን የለበትም እያልሁ አይደለም። በሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በአገሪቱ ሁሉ ለሳምንታት ሲዘጋ ሥራውን በቴሌግራም ያደረገ ሁሉ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል፤ መብራትም እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ የምመክራችሁ ሁሉን ነገር ወደ ስክሪን እንድትወስዱት አይደለም። ሰባ ዓመት የሆናት እናት ቁልፍ የሚጫን ትንሽ ስልክ ይዛ በቪዲዮ ማኅበር ልትጠጣ አትችልም፤ ድምፅ ግን ትሰማለች። የጽዋ ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ አሥራ ሁለቱን ማኅበርተኞች በየተራ ቢደውልላቸው፣ ጸሎቱ በየቤቱ ቢደረስ፣ ዳቦውና ጠላው በየደጁ ቢላክ ማኅበሩ አልፈረሰም። ባንድ ጽዋ ዙሪያውን እየተቀባበሉ መጠጣት ግን ለዘንድሮ ይቅር፤ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ብርጭቆ ይቀርብለት።

ወደ ገዳማቱ የሚወስዱ የጉዞ ማኅበራት አስተባባሪዎች ይህን ልብ ብለው ይስሙ። ማኅሌተ ጽጌው እስከ ኅዳር መጀመሪያ ይዘልቃልና ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የሚሄደው ምእመን ብዙ ነው። በሐይቁ ላይ ነፋስ ስላለ ጎኑ ክፍት የሆነ ጀልባ ከተዘጋ ሚኒባስ ይሻላል፤ ይሁንና ጀልባው ከልኩ በላይ ሲጫን፣ ወደቡም ላይ ሰው ሲታጨቅ ነፋሱ ብቻውን አያድንም። ይልቁንም የሚያሳስበኝ የምንሄድባቸው ሰዎች ጉዳይ ነው። በዳጋ እስጢፋኖስ፣ በጣና ቂርቆስና በክብራን ገብርኤል ያሉት መነኮሳት ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ጠና ያለ ሕመም ሲመጣ ሆስፒታል ለመድረስ ውኃ መሻገር ግድ ነው። በረከት ፍለጋ ሄዶ በሽታ ጥሎ መመለስን ጠሪው አስቦበት ያውቃልን? ጉዞውን ወደ ሌላ ዓመት አስተላልፉ፤ ገንዘቡን፣ ጧፉንና ዕጣኑን በአንድ ሁለት ሰው እጅ ላኩ። ሙስሊም ወገኖቼም በዚህ ወር የሚውለውን መውሊድ በመስጊዱ ሰፊ ግቢ፣ መንዙማውን በአጭሩ፣ አረጋውያኑን በቤታቸው አድርገው እንዲያሳልፉት ይህንኑ ቃል እደግማለሁ።

የእምቦጩ ዘመቻ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። አረሙ በጣና ላይ ከታወቀ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የፎገራ፣ የሊቦ ከምከምና የደምቢያ ገበሬ ውኃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል፤ ዘንድሮ በጥቅምት የተጠራው የአንድ ወር ዘመቻም መቅረት የሌለበት ነው። ሥራው ሜዳ ላይ፣ በነፋስ ፊት ስለሆነ ከሠርግም ከአዳራሽም በብዙ ያነሰ አደጋ አለው። አደጋው ያለው በመሄጃው ነው። ዘማቹ በአይሱዙ ላይ ትከሻ ለትከሻ ታጭቆ ይጫናል፤ ምሳውን በአንድ ትሪ ዙሪያ ይበላል፤ ከሥራው በፊት ባለሥልጣን እስኪመጣ ተጠጋግቶ ቆሞ ንግግር ይጠብቃል። የዘመቻው ጠሪዎች ንግግሩን በሬድዮ ብታደርጉት፣ ከባሕር ዳር በመኪና ከማጓጓዝ ይልቅ እያንዳንዱን ቀበሌ በየራሱ ዳርቻ ብታሰልፉት፣ ምሳውን በየሰሐኑ ብታካፍሉት አረሙም ይነቀላል፣ ሰውም በጤና ይመለሳል።

አሁን የቀረው ኅዳር 12 ነው። በ1911 ዓ.ም. በዚሁ ወር የበረታውን የኅዳር በሽታ አያቶቻችን አይረሱትም፤ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው የዳኑበት፣ በአዲስ አበባ ቀባሪ የጠፋበት ወረርሽኝ ነበር፤ በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤል ዕለት ቆሻሻ ሰብስበን የምናጤሰውም ከዚያ ዘመን ወዲህ ነው። ግቢ መጥረግ መልካም ነው። ዘንድሮ ግን ሳንባ የሚያጠቃ በሽታ እያለብን፣ ፕላስቲክና የመኪና ጎማ እያቃጠልን ከተማዋን በጭስ ብንሸፍናት የሚጎዳው በየቤቱ ትንፋሽ አጥሮት የተኛው ሰው ነው። የሰፈር ወጣቶችን ለጽዳት የምትጠሩ፣ ቆሻሻውን አሰብስባችሁ ለቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራቱ ጋሪ አስረክቡ እንጂ እሳት አትለኩሱበት። የሽምብጥ ሚካኤልንና የሌላውን ደብር ዝክር ተራ የያዛችሁ ደግሞ ጠላው ሳይጠነሰስ፣ ከዚህ ሳምንት ጀምራችሁ ለእያንዳንዱ ተጠሪ ደውሉ፤ ማን እንደሚመጣ፣ ለማን እንደምትልኩለት፣ ማን ሕመም እንዳለበት ጠይቁ፤ ያመመው ካለም በነጻው መስመር 8335 እንዲደውል ንገሩት፤ ዝክሩንም በዚያው ልክ ደግሱ።