እሱ ሄደ፣ እኔ ለመድኩ

ባለፈው ሳምንት ፍራንክፈርት ለሚኖረው የእህቴ ልጅ ደወልኩ። አላነሳም። ቆየት ብሎ መልእክት ላከ። «ጋሼ፣ በሰላም ነው? ሌላ ጊዜ ከመደወልዎ በፊት ቴክስት ያድርጉልኝ፤ የሚመቸንን ሰዓት እንነጋገራለን።»

የሚመቸን! ይህ ልጅ ደሴ፣ ሸዋ በር ሲያድግ የማንንም በር አንኳኩቶ አያውቅም። አቦሉን እኛ ቤት፣ ቶናውን ጎረቤት ቤት ነበር የሚያገኙት። በረካ ደርሶ ቆሎው ሲያልቅ ወደ እናቱ ይመለሳል። ዛሬ እኔ አጎቱ ድምፁን ለመስማት ቀጠሮ ላስይዝ ነው።

ሲሄድ የመከርኩት እኔ ነኝ። አንድ የምወዳት አባባል አለች፤ ሠርግም ሆነ ልቅሶ ሄጄ እሷን ሳልናገር አልመለስም። «እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ።» ቦርከናን በሁለት ወቅት ያየ ሰው ትገባዋለች። በበጋ ልጅ ዘሎ የሚሻገረውን ውሃ ነሐሴ ላይ ጎልማሳውም ቆሞ ነው የሚያየው። አጉል አይደፍርም፤ እስኪጎድል ይጠብቃል፣ ወይ ድልድይ ይፈልጋል። ልጁ ሰማኝ፣ ሄደ፣ እንደ አገሩ ኖረ። ጎበዝ ነው። አባባሏ ግን የተነገረችው ለሄደው ነው። እኔን ደሴ ቁጭ ብለህ የፍራንክፈርቱን የማይን ወንዝ ተሻገር ያለኝ የለም።

እየተሻገርኩ ነው እንግዲህ። ጀርመኖች መጋቢት ላይ ሰዓታቸውን አንድ ወደፊት ይገፉታል፤ ጥቅምት ላይ መልሰው ይጎትቱታል። ስለዚህ ልጁ በእነሱ በጋ አንድ ሰዓት፣ በእነሱ ክረምት ሁለት ሰዓት ከእኛ ወደኋላ ነው። በዚያ ላይ እኛ ሦስት የምንለውን እነሱ ዘጠኝ ይሉታል። እህቴ ልጇን ለማግኘት ሁለት እጇን ዘርግታ በጣቷ ትቆጥራለች። «ሰዓቱ እዚያው ቢቀመጥላቸው ምናለ? ምን ያነካካቸዋል?» ትለኛለች። መልስ የለኝም።

ዝምታም ለምጃለሁ። እዚያ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ጎረቤት አይረበሽም። እሑድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው፤ ግድግዳ መብሳት፣ ሣር በማሽን ማጨድ አይፈቀድም። ይሁን፣ ደስ ይላል። እኔን የቆጨኝ ስልክ ላይ ስስቅ «ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ፣ ጎረቤት አለ» መባሌ ነው። ደሴ የሳቅኩት ሳቅ ፍራንክፈርት ሰው ይቀሰቅሳል!

አንድ ቀን ደግሞ «የሰበሰብኩትን ጠርሙስ ልመልስ ልሄድ ነው» ብሎ እናቱን አስለቀሳት። እዚያ ውሃ ሲገዛ ለፕላስቲኩ 25 የዩሮ ሳንቲም መያዣ ይከፈላል፤ ባዶውን ማሽን ውስጥ ሲከቱት ገንዘቡ ይመለሳል። እሷ ይህን ከየት ታውቃለች? ልጇ ባሕር ተሻግሮ ቆራሌው የሆነ መስሏት እህል አልቀምስ አለች።

አንዲት አሮጊት ጎረቤት አሉት። ከየት እንደመጣ ጠየቁት፤ ወሎ አላቸው። ወሎን አያውቁም። ኢትዮጵያ ሲላቸው ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አሁንስ የሚበላ አለ?» ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ጥቅምት 1977 የቢቢሲ ካሜራ ኮረም ገባ፣ ዓለም አየን። ረሃቡ ውሸት አይደለም። ከዚያ በፊትም የ1965 እና የ66ቱ ነበር፤ ሙታኑን የቀበርነው እኛው ነን። ግን ካሜራው ከወጣ በኋላ ማን ተመልሶ ጠየቀን? የባቲን የሰኞ ገበያ ማን ያነሳል? ባቲና አምባሰል የቅኝት ስም ሆነው አገሩ ሁሉ እንደሚያዜምባቸው ማን ይጠይቃል? አንድ ቀን ሲያለቅስ ፎቶ የተነሳ ሰው ዕድሜ ልኩን መሐረብ ሊቀርብለት ነው? ልጁ ምን ብሎ መለሰ መሰላችሁ? «አለ፣ አመሰግናለሁ።» ለምዶታል። ይህቺን እንኳ ባይለምዳት እመርጥ ነበር።

የሰዓት ነገር ከተነሳ፣ ጅዳ ያለችው የጎረቤታችን ልጅ ሰዓቷ ከደሴ ጋር አንድ ነው። ደቂቃ አይለያይም። የምትደውለው ግን ሌሊት ነው፤ ማዳሟ ስትተኛ፣ እያንሾካሾከች። ከወሎ አረብ አገር የሄዱ ስንት እህቶች እንዲህ ናቸው! ኢቃማው፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱ፣ በአሠሪ እጅ ነው፤ ቤት መቀየር እንኳ መከራ ነው። «አብሽሩ፣ ደህና ነኝ» ትላለች፣ ትዘጋዋለች። እሷ አትደውሉ ብትል ቅር አይለኝም። የእኛው ልጅ ግን ምሽቱ የራሱ፣ ስልኩ የራሱ፣ ሶፋው የራሱ። ሄሎ ቢል ምን ይሆናል?

ለማንኛውም ቴክስት አድርጌለታለሁ። መልሱም መጣ። ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም ሊሳለም ይመጣል። ደሴ ያለውን ዘመድ በሙሉ በሰንጠረዥ ከፋፍሎ ልኮልናል፤ ለእኔ «ከ10 እስከ 11» ደርሶኛል። በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አልጻፈም። በእነሱ ከሆነ ጠዋት አራት ሰዓት ነው፤ በእኛ ከሆነ ሊመሽ ሲል። ባለቤቴ ጠይቀው ብትለኝ እምቢ አልኩ። እሷም አልተከራከረችኝም። ከጠዋቱ አራት እስከ አስራ አንድ ሰዓት ጀበናው ከእሳት አይወርድም ብላ አንድ ጆንያ ከሰል አዘዘች።