የዲስክ ድራይቨሮች ኮድ ይቅለል ወይስ እንዳለ ይቆይ?

የክርክሩ ሐሳብ፦ የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) የዲስክ ድራይቨሮች (ዲስክን የሚያሠሩ ፕሮግራሞች) ለሚሞሪ ገጾች (ሚሞሪ ለሚከፋፈልባቸው ትንንሽ ክፍሎች) ጊዜያዊ አድራሻ መበደሩን፣ መቅዳቱንና መመለሱን ለአንድ የጋራ ፋንክሽን (ተዘጋጅቶ ለሚጠራ የኮድ ክፍል) ይተዉ። ደጋፊዋ በባሕር ዳር ፖሊ ግቢ የኮምፒውተር መምህርት ናቸው፤ ተቃዋሚው በዚያው ከተማ አሮጌ ኮምፒውተሮችን ሲጠግኑ የኖሩ ባለሙያ።

ደጋፊ፦ ነገሩ የሚጀምረው ከ32 ቢት ማሽን ነው። እዚያ ከርነሉ በቀጥታ የሚደርስበት ሚሞሪ በተለመደው አከፋፈል 896 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለን ገጽ የሚነካ ድራይቨር ጊዜያዊ አድራሻ ተበድሮ፣ ሥራውን ሲጨርስ መመለስ አለበት። በጥንቱ ኬማፕ (kmap፣ ጊዜያዊ አድራሻ በሚያበድረው የከርነሉ ፋንክሽን) የሚበደሩት ቦታ ውስን ነው። በጣና ዳር ታንኳ ወስዶ ያልመለሰ ሰው ቀጣዩን ዳር ላይ እንደሚያስቆም፣ ቦታው ሲያልቅ ኬማፕ የጠራውን ያስጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው የከርነሉ እትም 5.11 የገባው አዲሱ ኬማፕ ሎካል ይህን ወረፋ አስቀርቷል፤ ነገር ግን የራሱ ሕግ አለው፦ ሁለት ገጽ የተበደረ ድራይቨር መጨረሻ ላይ የወሰደውን አስቀድሞ ይመልሳል። ይህን ሕግ ድራይቨር የሚጽፍ ሁሉ በየመስመሩ ለምን ይሸከም? ተበድሮ፣ ቀድቶ፣ መልሶ የሚወጣ ፋንክሽን አለ። ስሕተት ሲያጋጥም በአቋራጭ በሚወጣ ኮድ ላይ የሚረሳው መመለስ ከነጭራሹ ይጠፋል።

ተቃዋሚ፦ መምህርት፣ መርሳቱን አልክድም። ኮዱን የሚያቀሉት ግን የሚሞክሩት በምን ላይ ነው? በ64 ቢት ማሽን። እዚያ ሚሞሪው በሙሉ ቀጥታ አድራሻ ስላለው መበደሩ ተራ ስሌት ነው፤ መመለሱም ምንም አይሠራም። የተሳሳተው ለውጥ በአራሚው ጠረጴዛ ላይ ደኅና መስሎ ያልፍና እኔ ዘንድ በሚመጣው አሮጌ ማሽን ላይ ይፈነዳል። ኪቦርድ ቢበላሽ ነቅለን እንቀይራለን። የተመራቂ ተማሪ ጽሑፍ በተሳሳተ ገጽ ላይ ከተቀዳ ግን ማን ይመልስለታል? ደግሞም ፋንክሽኑ ወሰኑ አንድ ገጽ ነው፤ ብዙ ጊዜ 4096 ባይት። ወሰኑ መጣሱን የሚፈትሸው ከርነሉ ለምርመራ ተብሎ ሲገነባ ነው እንጂ ሰው በየቤቱ በሚጠቀምበት ላይ አይደለም።

ደጋፊ፦ ጋሼ፣ ለመጀመሪያው ስጋትዎ መልስ አለ። ያው 5.11 በ64 ቢት ላይም ብድሩን እውነተኛ የሚያደርግ የሙከራ ምርጫ ይዞ መጥቷል። በእርሱ የተገነባ ከርነል፣ ብድሩን ከመለሰ በኋላ አድራሻውን የሚነካ ድራይቨርን ያጋልጣል።

ተቃዋሚ፦ የአድራሻውን ስሕተት ያጋልጣል፤ የመሣሪያውን ጠባይ አያሳይም። በዚያ ላይ የአንድን ገጽ ራስጌ (መጀመሪያው ላይ ያለውን መግለጫ) ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ የሚያነብ ድራይቨር በአዲሱ ፋንክሽን በየቁርጥራጩ ይበደራል፣ በየቁርጥራጩ ይመልሳል። አንዴ ይዞ ሁሉን አንብቦ መመለስ ይሻለዋል።

ደጋፊ፦ ለእንዲህ ያለው ድራይቨር ልክ ነዎት፤ እርሱን አልነካውም። ሚሞሪን እንደ ዲስክ የሚያቀርበው ድራይቨር ግን ሥራው መቅዳት ብቻ ነው፤ ልዩ መሣሪያም አይጠይቅም። ተማሪዎቼ በ32 ቢት ምናባዊ ማሽን ላይ እዚሁ ሊፈትኑት ይችላሉ።

ተቃዋሚ፦ ከእርሱ ይጀመር እንግዲህ። የእውነተኛ ዲስክ ድራይቨሮችን ግን መሣሪያው በእጁ ያለ ሰው እስኪሞክራቸው ማንም አይንካቸው።

ደጋፊ፦ መሣሪያው በማንም እጅ ያልቀረ ድራይቨርስ? እርሱን ስንጠብቅ ኬማፕ አይወገድም፤ ከርነሉም ሁለቱንም ሕግ ይዞ ይቀጥላል። እንዲህ ያለው ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ መቆየቱ ራሱ መጠየቅ አለበት።