ኦርላንዶ ከመሄዳችሁ በፊት ለእቅዱ ክፈሉ

«ለመዝናናት ደግሞ እቅድ ይገዛል እንዴ?» ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ ወዳለው ትልቅ የመዝናኛ ስፍራ ወደ ዲዝኒ ወርልድ ለመሄድ ለሚሰናዱ ወዳጆቼ እቅድ የሚያወጣላችሁ አገልግሎት ግዙ ስላቸው የምሰማው መልስ ይኸው ነው። እንደዚህ የሚሉት ሰዎች ገንዘብ የሚሰስቱ ሆነው አይደለም። ሁለት ሥራ ሠርተው፣ አገር ቤት ልከው፣ ከተረፈው ለልጆቻቸው ያጠራቀሙ ናቸው። ቲኬቱ፣ ሆቴሉ፣ መኪናው ሲደመር ራስ ያዞራል። በዚህ ላይ «እንዴት እንደምትዝናኑ ላሳያችሁ» ለሚል ክፈሉ ሲባሉ ቢቆጡ አይገርምም።

እኔ ግን ከወጪው ሁሉ መቅደም ያለበት እሱ ነው ባይ ነኝ። መሄዱ ካልቀረ፣ እቅዱ ላይ መቆጠብ በጣም ውዱ ቁጠባ ነው።

ሒሳቡን እንየው። ዲዝኒ ወርልድ አራት ትልልቅ ፓርኮች አሉት፦ ማጂክ ኪንግደም፣ ኤፕኮት፣ ሆሊውድ ስቱዲዮስ እና አኒማል ኪንግደም። የአንድ ቀን መግቢያው እንደ ቀኑና እንደ ፓርኩ ይለያያል። ርካሹ 119 ዶላር አካባቢ ነው፤ በበዓል ሰሞን 200 ገደማ ይደርሳል። ነፃ የሚገባው ከ3 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ብቻ ነው። 10 ዓመት የሞላው ልጅ እንደ አዋቂ ይከፍላል። እናት፣ አባት፣ አያትና ሁለት ልጆች ሆናችሁ ብትገቡ፣ በርካሹ ቀን እንኳ 600 ዶላር ገደማ በሩ ላይ ይቀራል። ውስጥ አስር ሰዓት ብትቆዩ አንዷ ሰዓት 60 ዶላር ወጣባት ማለት ነው። እንግዲህ እኩለ ቀን ላይ ለአንዲት የሦስት ደቂቃ መጫወቻ አንድ ሰዓት ከሩብ ስትሰለፉ፣ 75 ዶላር ፀሐይ ላይ ፈሰሰ።

ቱሪንግፕላንስ የሚባለው፣ በዲዝኒ እቅድ ማውጣት ሥራ ብዙ ዘመን የቆየው አገልግሎት የዓመት ክፍያው ከእነዚህ ሰዓቶች የአንዷን ዋጋ አያክልም።

አገልግሎቱ የሚሸጠው ምክር ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም አልሟገትለትም ነበር። ምክርማ በየዩቲዩቡ ሞልቷል። የሚሸጠው ስሌት ነው። መሥራቹ ሌን ቴስታ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ሳለ ዲዝኒ ረጅም ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ ይህን ነገር በሒሳብ ማቅለል አይቻልም ወይ ብሎ አሰበና የማስተርስ መመረቂያው አደረገው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፦ ልጆቹ የመረጧቸውን መጫወቻዎች በየትኛው ቅደም ተከተል ብንሄድ ነው ሰልፉ የሚያንሰው? መጫወቻዎቹ አስር ከሆኑ ቅደም ተከተሉ በ3,628,800 ዓይነት መንገድ ሊደረደር ይችላል። ሃያ ከሆኑማ ቁጥሩን ለመጥራትም ያስቸግራል። የየአንዳንዱ ሰልፍ ርዝመት ደግሞ በየሰዓቱ ይለዋወጣል። ይህን ጋሪ እየገፋ፣ የሚያለቅስ ሕፃን እያባበለ በጭንቅላቱ የሚያሰላ አባት የለም።

አንድ ምሳሌ ላሳይ። ማጂክ ኪንግደም ውስጥ ፒተር ፓንስ ፍላይት የምትባል አሮጌ መጫወቻ አለች። ፓርኩ ከተከፈተበት ከ1971 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለች ናት። የሚያስፈራ ነገር የላትም፤ ከአያት እስከ ሕፃን ሁሉም ይገባባታል። ተሳፍሮ መውረዱ ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ሰልፏ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ያልፋል። ለምን? አንዷ ትንሽ መርከብ የምትይዘው ሁለት ወይም ሦስት ሰው ብቻ ስለሆነ ነው። በአንጻሩ ፓይሬትስ ኦፍ ዘ ካሪቢያን ጀልባው ሰፊ ነው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ጭኖ ይሄዳል። ስለዚህ በሩ ላይ የቆመው ሰው ብዛት ተመሳሳይ ቢሆንም የሚጠበቀው ጊዜ አንድ አይደለም። ይህን የሚያውቅ እቅድ ፒተር ፓንን በማለዳ ያስይዛችኋል፣ ፓይሬትስን ለቀትር ያቆይላችኋል። የማያውቅ ሰው ደግሞ እንደገባ ከፊቱ ያገኘውን ይይዛል። ከዚያ ምሳ ሰዓት ላይ «ምን አየን?» ሲባል ሁለት ነገር ይቆጥራል።

በር ላይ የሚለጠፈው የመጠበቂያ ደቂቃም ሁልጊዜ አይታመንም፤ ከእውነተኛው የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ፓርኩ ራሱ የሚለካበት ዘዴ ነበረው፦ ሰልፍ ለሚገባ አንድ ሰው ቀይ ካርድ ይሰጡትና መጫወቻው ጋ ሲደርስ ይቀበሉታል፤ በመካከል ያለፈው ደቂቃ ይመዘገባል። እቅድ አውጪዎቹ የተለጠፈውንና ሰው በእርግጥ የጠበቀውን እያነጻጸሩ ዓመታት ሰብስበዋል። «60 ደቂቃ» የሚል ሲያዩ ስንቱ እውነት እንደሆነ ይገምታሉ። ፍሎሪዳ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ሲመጣ ደግሞ ውጭ ያሉት መጫወቻዎች ይዘጋሉ። በዚያን ጊዜ ስልኩን ነካ አድርጎ ቀሪውን ቀን እንደገና ማስላት ይቻላል።

እዚህ ላይ የሚያናድደኝን ልናገር። ይህን ያህል ውስብስብ እንዲሆን ያደረገው ራሱ ፓርኩ ነው። ከ1999 ጀምሮ ፋስትፓስ የሚባል ነገር ነበር። ወረቀት ትወስዳለህ፣ በተቀጠረልህ ሰዓት ተመልሰህ ባጭሩ ሰልፍ ትገባለህ። ነፃ ነበር። ቲኬት የቆረጠ ሁሉ ሳይጨምር ይጠቀምበት ነበር። በ2020 በኮቪድ ፓርኮቹ ተዘጉ፤ ሲከፈቱ ፋስትፓስ አብሮ አልተመለሰም። በኦክቶበር 2021 በምትኩ ጂኒ ፕላስ መጣ፣ በሰው በቀን 15 ዶላር። ቀጥሎ ዋጋው እንደ ቀኑ የሚወጣና የሚወርድ ሆነ። በጁላይ 2024 ስሙ ላይትኒንግ ሌን መልቲ ፓስ ተባለ። አሁን ማጂክ ኪንግደም ላይ ለአንድ ሰው ከ20 ዶላር በላይ ነው፣ በበዓል ሰሞን 30ንም ያልፋል። በጣም ተፈላጊ የሆኑት መጫወቻዎች ደግሞ ለብቻቸው ይሸጣሉ። በኦክቶበር 2024 የተጀመረው፣ ያለ ቀጠሮ ሰዓት በአጭሩ ሰልፍ የሚያስገባው ፕሪሚየር ፓስ ጭራሽ ሲጀመር በሰው በቀን ከ129 እስከ 449 ዶላር ነበር፣ ከመግቢያው ቲኬት ሌላ።

የመልቲ ፓሱ ቦታ አያያዝም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ዲዝኒ ሆቴል ያደረ ከሰባት ቀን በፊት፣ ውጭ ያደረ ከሦስት ቀን በፊት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት (7 a.m.) ላይ ስልኩን ይዞ መጠበቅ አለበት። ያን ሰዓት ታክሲ ላይ ያለ ሾፌር፣ ከሌሊት ፈረቃ የወጣች ነርስ ምን ያድርጉ? ሰልፍ የእኩልነት ቦታ ነበር። ሀብታሙም ድሃውም ልጁን አቅፎ ይቆም ነበር። ይህ መቅረቱ በጣም ያሳዝነኛል።

ግን እያዘንኩም ቢሆን የማየው አንድ ነገር አለ። ሰልፍ የሚሸጥልህ ድርጅት «ዛሬ አያስፈልግህም» አይልህም። ጥሩ እቅድ ግን ይልሃል። ቀኑ ቀለል ያለ ከሆነ፣ በር ከመከፈቱ በፊት ከደረስክ፣ የመጀመሪያውን ሰዓት በደንብ ከተጠቀምክበት፣ መልቲ ፓሱን ሳትገዛ መዋል ትችላለህ። ለአምስት ሰው ከ100 ዶላር በላይ እዚያው ተረፈ።

ቀን መምረጥ ላይም ብዙ ትርፍ አለ። ለኛ ሰው፣ በተለይ ሜሪላንድ ላለው፣ የተመቸ ክፍተት አለና ትንሽ ልቆይበት። ፍሎሪዳ ውስጥ ትምህርት የሚጀመረው በኦገስት ሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ሞንጎመሪ ካውንቲ ግን አብዛኛውን ጊዜ እስከ ኦገስት መጨረሻ አይጀመርም። በመሃል ያሉት ቀናት ላይ የደቡብ ልጆች ክፍል ገብተዋል፣ የኛዎቹ ገና እረፍት ላይ ናቸው። ፓርኩ ከጁላይ ይልቅ ሰው ይቀንስለታል፣ ቲኬቱም ረከስ ይላል። ሙቀቱና ዝናቡ ግን እንዳለ ነው፤ ያንን መደበቅ አልፈልግም። ፍልሰታም በዚሁ ሰሞን ትውላለች። የሚጾም ቤተሰብ የት ምን እንደሚበላ አስቀድሞ ካላየ፣ ቀኑን ሙሉ በድንች ጥብስ ይውላል።

ስለ ምግብ ከተነሳ፣ ዲዝኒ ከቤት የተያዘ ምግብ ያስገባል። ብርጭቆና ጠርሙስ፣ አልኮልና ማሞቂያ የሚፈልግ ነገር ካልሆነ ችግር የለም። ዳቦው፣ ቆሎው፣ ሳንድዊቹ ይገባል። በረዶ ያለበት ውሃም ምግብ ከሚሸጥበት መስኮት በነፃ ይሰጣል። ራይደር ስዊች የሚባለውን ደግሞ ትንሽ ልጅ ያለው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ቁመቱ ያልደረሰ ሕፃን ካላችሁ አንዱ ወላጅ ከልጁ ጋር ይቀራል፣ ሌላው ተሰልፎ ይገባል። ሲወጣ የቀረው ያን ረጅም ሰልፍ ሳይደግም ይገባል። ዋጋ የለውም። በር ላይ ያለውን ሠራተኛ መጠየቅ ብቻ ነው። ይህን ባለማወቅ ስንት እናት ቀኑን ሙሉ ጋሪ ስትጠብቅ ትውላለች!

የምከራከርለት አገልግሎት ግን ሁሉም ዓይነት አይደለም። ለእቅድ ክፈሉ ስል፣ ከማን እንደምትገዙ አጥብቃችሁ እዩ እያልኩ ነው።

ብዙ የጉዞ ወኪሎች «እኛ በነፃ እናቅድላችኋለን» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ከእናንተ አይቀበሉም። የሚከፈላቸው ከሆቴሉና ከቲኬቱ ሽያጭ ኮሚሽን ነው። በመካከላቸው በጣም ቅን የሆኑ፣ ሌሊት ሳይቀር ስልክ የሚያነሱ አሉ፤ ሥራቸውን አላጣጥልም። ነገር ግን ውድ ሆቴል ስትይዙ ገቢያቸው ይጨምራል። ከፓርኩ ውጭ ያለ፣ ኩሽና ያለው ቤት ተከራይታችሁ ሽሮ እየሠራችሁ ብትከርሙ ይቀንስባቸዋል። ሰው ናቸውና ምክራቸው ወዴት እንደሚያደላ መገመት አያቅትም። አንዲት የማውቃት እናት በአንድ ወኪል ምክር በአዳር ከ400 ዶላር በላይ የሆነ ክፍል ያዘች። ልጆቿ ክፍሉን ያዩት ሲተኙ ብቻ ነው። ገንዘቡ የቀጣዩን ክረምት ጉዞ ግማሽ ይሸፍን ነበር።

ከላይኛው ጫፍ የዲዝኒ የራሱ ቪአይፒ ጉብኝት አለ። አስጎብኚው እስከ 10 ሰው ይዞ ሰልፉን እየዘለለ ያዞራል። በሰዓት 450 ዶላርና ከዚያ በላይ ነው፣ ቢያንስ ሰባት ሰዓት መግዛት ግዴታ ነው። እሱ እኔ ስለምለው እቅድ አይደለም፤ ሰልፍ መግዛት ነው።

ፈጽሞ መግዛት የሌለበትም አለ። በ2013 ኒውዮርክ ያሉ ሀብታም ቤተሰቦች አካል ጉዳተኛ «አስጎብኚ» እየቀጠሩ፣ ለእሱ በተፈቀደው መግቢያ ሰልፍ እንደሚዘሉ ተዘግቦ ነበር። በዚያው ዓመት ዲዝኒ አሠራሩን ቀየረ። በ2024 ደግሞ ይበልጥ አጠበቀው። የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ዛሬም በቪዲዮ ጥሪ እየቀረቡ ስለ ችግራቸው ያስረዳሉ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ያላቸው የኛ ወላጆችም በዚሁ በር ያልፋሉ። «ሰልፍ የምትዘሉበት መንገድ አውቃለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መንገዱ በነሱ መብት ላይ የሚያልፍ እንዳይሆን ጠይቁ።

ስለዚህ እቅድ የሚያወጣላችሁ ሰው፣ ዘመድም ይሁን ድርጅት፣ ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት ሦስት ነገር ንገሩትና መልሱን ስሙ። የመጀመሪያው፦ ከፓርኩ ውጭ ርካሽ ቤት ብይዝ አንተ የምታጣው ነገር አለ? ሁለተኛው፦ ላይትኒንግ ሌን ሳልገዛ የምውልበትን ቀን አሳየኝ። ሦስተኛው፦ እናቴ 70 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷ ያማታል፣ ትንሿ ልጄ ገና 4 ዓመቷ ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የት አረፍ እንላለን? ስለ ሦስተኛው መልስ የሌለው ሰው የእናንተን ቀን ሳይሆን የራሱን ሽያጭ ነው ያቀደው።